“አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ” የተባላችሁ ሁሉ ግቡ

እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ቃል ልግባላችሁ፦ ዛሬ ማንንም “ተነስና ዝፈን” አልልም። ርዕሱን አይታችሁ በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ ሰዎች አላችሁ፤ ታውቃላችሁ ራሳችሁን። ተረጋጉ።

ግን የማወራው ስለዚያችው ፍርሃት ነው። ስናወራ ሰው ድምፃችንን ቢሰማው ግድ አይሰጠንም። ያው ድምፅ ዜማ ሲይዝ ግን ልብ ይመታል፤ ጉሮሮ ይደርቃል። “እኔ እንኳን ድምፅ የለኝም” የምትለዋ ነገር ትመጣለች። እንዲህ የሚሉ ሰዎችን “ማን ነገረህ?” ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ መልስ አላቸው። አስተማሪ ነው፤ ታላቅ ወንድም ነው፤ አንዳንዴ እናት ናት። ትምህርት ቤት ዝግጅት ነበረ፤ ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው፤ “አንተ ከኋላ ቁምና አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ” ተባለ። ሃምሳ ዓመት ሞልቶትም አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ነው።

በእርግጥ ዜማን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ። ችግሩ አሙዥያ ይባላል፤ አብሮ የሚወለድ ነው። ከ100 ሰው ግን አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ሌላው ሰው የጎደለው ልምምድ ነው። ጆሮ የሰማውን ጉሮሮ እስኪታዘዝ መሞከር ያስፈልጋል፤ በስምንት ዓመቱ ዝም የተባለ ሰው ደግሞ የመሞከሪያ ዕድል አላገኘም።

ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። አብሮ ማዜም ለጤና ይጠቅማል፤ ለመጠቀም ደግሞ አሪፍ ድምፅ አያስፈልግም። እንግዲያው ለጤና ብሎ የተቋቋመ የዜማ ቡድን የሚለካው ማን በሩን አልፎ እንደገባና ማን ከበሩ እንደተመለሰ ነው። ጥሩ የሚዘፍኑ 40 ሰዎች ሰብስቦ ሌላውን በፈተና የሚመልስ ኳየር ጥሩ ኳየር ሊሆን ይችላል። የጤና ሥራ ሠራሁ ካለ ግን አልስማማም።

እስቲ ከሰውነት እንጀምር። ስናወራ ትንፋሻችን ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው፤ ትንሽ ተናግረን ሳይታወቀን አየር እንስባለን። ስንዘፍን ግን ስንኙ ይይዘናል፤ ሳያልቅ ማረፍ የለም። ስለዚህ አየሩን ቶሎ እንስብና ቀስ እያልን እናወጣዋለን። የልብ ምት ደግሞ ከትንፋሽ ጋር የተሳሰረ ነው። አየር ስንስብ ፈጠን ይላል፤ ስናወጣ ዘግየት ይላል። የሚያዘገየው ከአንጎል ወርዶ ልብና ሆድ ዕቃ ድረስ የሚዘልቀው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ረጅም ስንኝ የሚያዜም ሰው እንግዲህ ማንም “በረጅሙ ተንፍስ” ሳይለው በረጅሙ እየተነፈሰ ነው። የአተነፋፈስ ልምምድ የሚሰለቸው ሰው ብዙ ነው፤ እኔን ጨምሮ። ያንኑ ሰው አዝማች አሥር ጊዜ ቢያስደግሙት ቅር አይለውም።

ይህ አንድ ሰው ብቻውን ሲያዜም ነው። አብሮ ሲሆንስ? ስዊድን ውስጥ ጎተንበርግ ከተማ ቢዮርን ቪክሆፍ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 15 የ18 ዓመት ወጣቶችን ይዘው የልብ ምታቸውን ለኩ። ውጤቱ በ2013 ታተመ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው)። ወጣቶቹ መጀመሪያ ያለ ቃል በየራሳቸው ትንፋሽ አንጎራጎሩ። ቀጥሎ መዝሙር ዘመሩ። በመጨረሻ በየስንኙ መሀል ብቻ እየተነፈሱ ዝግ ያለ ዜማ አዜሙ። ዜማው ትንፋሻቸውን በአንድ ላይ ሲያስኬደው የልባቸው ምት መፍጠንና መዘግየትም አብሮ ሄደ። ማንም ልቡን አላዘዘም፤ ያደረጉት ነገር ቢኖር እኩል መተንፈስ ነው።

15 ሰው ጥቂት ነው፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ሰፋ ያሉት ጥናቶች ልለፍ፤ መጀመሪያ የምወዳቸውን ሁለቱን ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ከእንግሊዝ ነው። ዕድሜያቸው 60 ያለፈ 258 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለ14 ሳምንት በየሳምንቱ ተሰብስበው ዘፈኑ፤ ግማሾቹ የተለመደ ኑሯቸውን ቀጠሉ። በ2015 የታተመው ውጤት እንደሚለው የዘፈኑት ሰዎች የአእምሮ ጤንነት ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ዘፈኑ ካበቃ ከሦስት ወር በኋላም ነበረ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሰዎቹ ዘፋኞች አልነበሩም፤ የድምፅ ፈተናም የፈተናቸው የለም።

ሁለተኛውም ከእንግሊዝ ነው፤ በ2018 የታተመ። ከወሊድ በኋላ ድብርት የያዛቸው 134 እናቶች ለሦስት ተመደቡ። አንዱ ቡድን ከነሕፃናቱ ለ10 ሳምንት ዘፈነ። ሌላው ከነሕፃናቱ በጨዋታ ተሰበሰበ። ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ አገኘ። ጥናቱን የወደድኩት በዚህ በሁለተኛው ቡድን ምክንያት ነው። “ከሰው ጋር መዋል ነው እንጂ የጠቀማቸው ዘፈኑ አይደለም” የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ10ኛው ሳምንት ሦስቱም ቡድኖች ተሻሽለው ነበር። ጠንከር ያለ ድብርት ከነበረባቸው መሀል ግን የዘፈኑት ፈጥነው ተሻላቸው። አራስ ቤት ውስጥ ሌሊቱ አልነጋ ብሏት የምታለቅስ ሴት “አንድ ወር ፈጥኖ” ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ይህ የፍጥነት ነገር ሌላ ቦታም ይመጣል። ሮቢን ደንባር ያሉበት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ቡድን አዲስ የተከፈቱ የጎልማሶች ክፍሎችን ለሰባት ወር ተከታተለ። አንዳንዱ ክፍል የዘፈን ነው፤ ሌላው የእጅ ሥራ ወይም የድርሰት ነው። በሰባተኛው ወር ሁሉም እኩል ተቀራርበው ነበር። ዘፋኞቹ ግን ገና ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ነው የተላመዱት። ደራሲዎቹ ለመግባባት መጀመሪያ ማውራት ነበረባቸው። ዘፋኞቹ ስም ሳይጠያየቁ አብረው ዘፍነው ጨርሰዋል። ብቸኝነት ለሚያጠቃው፣ ወሬ መጀመር ለሚከብደው፣ ቋንቋውን ገና እየለመደ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ላፍስስ። ዘፈን መድኃኒት አይተካም። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን በተመለከተ ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2017 ያሉትን ጥናቶች መርምሮ ነበር። መስፈርቱን ያሟሉ ሦስት ብቻ ተገኙ፤ ሰዎቹም በጠቅላላው 112 ናቸው። “ማስረጃው ደካማ ነው” አለ። ጉዳት አላዩም፤ ጥቅሙን አፍ ሞልቶ ለመናገር ግን አልደፈሩም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2019 ከ3000 በላይ ጥናቶችን ተመልክቶ ኪነ ጥበብ ለጤና እንደሚበጅ የሚገልጽ ሰፊ ሪፖርት ማውጣቱ እውነት ነው። በዚያ ክምር ውስጥ ግን ጠንካራውም ደካማውም አለ። እና “ዘፈን ካንሰር ይፈውሳል” የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

ይህን ካልኩ በኋላ ሁልጊዜ የሚገርመኝን ልንገራችሁ።

አንድ ሰው ስትሮክ መታው እንበል። የግራው የአንጎሉ ክፍል ተጎዳ። የሚሉት ይገባዋል፤ መናገር ግን አልቻለም። አፌዥያ ይሉታል። ስሙን ጠይቁት፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ቃሉ አይወጣም። ሚስቱ ከጎኑ ሆና ከልጅነቱ የሚያውቀውን ዘፈን ጀመረች። ሰውዬው ተቀበላት። በቃል። ከነግጥሙ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያለቅሳል፤ እሱም ጭምር።

ይህ ተአምር አይደለም፤ ሐኪሞች ከመቶ ዓመታት በፊት ጀምረው ሲጽፉት የኖሩት ነገር ነው። ቦስተን ያሉ ባለሙያዎች በ1973 ይህንኑ ተከትለው አንድ ሕክምና አስተዋወቁ። ታካሚው የሚያስፈልገውን አጭር ሐረግ፣ ለምሳሌ “ውሃ ስጡኝ”ን፣ በዜማና በግራ እጁ መታ መታ እያደረገ ይለዋል፤ ከዚያ ዜማው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በ2011 አሪዞና ውስጥ ጭንቅላቷን በጥይት የተመታችው የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጋቢ ጊፈርድስ መናገርን መልሳ ስትማር ከረዷት ነገሮች አንዱ የሙዚቃ ሕክምና ነበር። ለምን እንደሚሠራ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ቀኙ የአንጎል ክፍል ሥራውን ስለሚጋራ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ምስጢሩ ምቱና የግጥሙ መለመድ ነው ባይ ናቸው። የሚንተባተቡ ሰዎችም ሲዘፍኑ አብዛኛውን ጊዜ አይንተባተቡም።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ይህ ነው፦ ዛሬ በየአገሩ የአፌዥያ ኳየሮች አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው አረፍተ ነገሩን እየጨረሰለት የሚኖር ሰው ለአንድ ሰዓት ከሌላው እኩል ይሆናል።

የመርሳት በሽታም እንዲሁ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ቴፖ ሳርካሞና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት 89 ታማሚዎች ከነአስታማሚዎቻቸው ተሳተፉ፤ ለ10 ሳምንት ከፊሎቹ ዘፈኑ፣ ከፊሎቹ ሙዚቃ አዳመጡ፣ ከፊሎቹ እንደወትሮው ቆዩ። ማዳመጡም ማዜሙም ስሜትን አሻሻለ። ዘፈኑ ግን በተጨማሪ የአስታማሚዎቹን መንፈስ አቀለለ። አስታማሚ ሁሌም የሚረሳ ሰው ነው። ባሏን አድርሳ ኮሪደር ላይ ቁጭ የምትለውን ሴት ወደ ውስጥ አስገቧት፤ አብራው ትዝፈን።

ወደ በሩ ልምጣ። “ለሁሉም ክፍት ነው” ብሎ ወረቀት መለጠፍ ቀላል ነው። ሰው ከበር የሚመለሰው ግን በትናንሽ ነገር ነው።

ለምሳሌ መሪው “ሁላችሁም ቁሙ!” ይላል። ሰው ሁሉ ተነሳ። ዊልቸር ላይ ያለው፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ቶሎ የሚደክመው ሰው እዚያው ተቀመጠ፤ አሁን ከፊቱ የሚታየው የቆመ ሰው ጀርባ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። “መቆምም መቀመጥም ይቻላል፤ እንደሚመቻችሁ ሁኑ” ማለት ይበቃ ነበር። መሪው ራሱ ተቀምጦ ቢጀምር ደግሞ የበለጠ። ወንበሮቹ በክብ ይሁኑ። በክቡ ውስጥ ከወንበሮቹ መሀል ለዊልቸሩ ቦታ ይተው፤ ዳር ላይ እንደ ጭማሪ አይሁን።

ሁለተኛው የዜማው ከፍታ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሸሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነውና። መሪ የሚሆነው ሰው ድምፁ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ለራሱ ደስ በሚለው ከፍታ ይጀምራል። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግማሹ ሰው አንገቱ ይወጠራል፤ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ዝም ይላል። በልቡም “አላልኩም? ድምፅ የለኝም” ይላል። ድምፅ አለው፤ ዜማው ነው ጣራ ላይ የተሰቀለው። ዕድሜ ሲገፋ የሴቶች ድምፅ ወፈር እያለ ይወርዳል፤ አንዲት የ70 ዓመት ሴት በ20 ዓመቷ የዘፈነችውን በዚያው ከፍታ አትደርስበትም። መሪው በጣም ዝቅ አድርጎ ይጀምር። “ይህ ለእኔ ወርዷል” ብሎ የሚሰማው ከሆነ ምናልባት ልክ ነው።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ኖታ ማንበብ የሚጠይቅ ቡድን አብዛኛውን ሰው ገና ሳይጀምር አሰናበተ። የግጥም ወረቀትም ማንበብ የማይችለውን፣ ዓይኑ የደከመውን፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ይለያል። አውጪና ተቀባይ ከጥንት ጀምሮ ያለው በከንቱ አይደለም። መሪው አንድ ስንኝ ያወጣል፤ ሰው ይቀበላል። የዘገየ አዝማቹን ብቻ ይቀበል። እሱም የከበደው ያንጎራጉር፤ ወይም ያጨብጭብ። ወረቀት የግድ ካስፈለገ ፊደሉ ትልልቅ ይሁን።

መስማት ለሚቸገር ሰው የመሪው ፊት ብርሃን ላይ ይሁን፤ መስኮት ከጀርባው ካለ ከንፈሩ አይታይም። ጫጫታ ለሚረብሸው፣ ኦቲዝም ላለበት ሰው የዕለቱ ቅደም ተከተል አስቀድሞ ይነገረው፤ ወጥቶ ቢመለስም “የት ሄድክ?” አይባል። ሰዓቱም በር ነው፤ ማታ ሲሆን ሕፃን ያላት እናት ትቀራለች፤ ቀን ሲሆን ሠራተኛው ይቀራል። ሁሉንም የሚያስደስት ሰዓት የለም፤ ማንን እንደተውን ግን እንወቅ።

የዘፈን ምርጫ የሚያጣላ ጉዳይ ነው። የአንድ ሃይማኖት መዝሙር ብቻ የሚዘምር ቡድን መብቱ ነው፤ ግን “ለሁሉም” አይበል። የሚሻለው አባላቱ በየተራ ከየቤታቸው፣ በየቋንቋቸው አጭር ዜማ ይዘው እንዲመጡ ነው። የማታውቀውን ቋንቋ መዝፈን ሁሉንም እኩል ጀማሪ ያደርጋል።

“መስማት የተሳነው ሰውማ በዜማ ቡድን ምን ይሠራል?” ብሎ ያሰበ ካለ ስለ ቬኔዝዌላ ልንገረው። ባርኪሲሜቶ ከተማ ውስጥ በ1990ዎቹ ኤል ሲስቴማ በተባለው የሙዚቃ ትምህርት መርሐ ግብር ሥር “የነጫጭ እጆች ኳየር” ተመሠረተ። ኳየሩ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በድምፅ ይዘምራል፤ ማየት የተሳናቸውና ሌላ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች አሉበት። ሌላው መስማት የተሳናቸው ልጆች ናቸው፤ ነጭ ጓንት አድርገው ግጥሙንና የዜማውን ፍሰት በእጃቸው ያሳያሉ። ሜልበርን ውስጥ ደግሞ ጆናታን ዌልች የተባለ የኦፔራ ዘፋኝ በ2006 ቤት አልባ የሆኑና በሱስ የተቸገሩ ሰዎችን ሰብስቦ ኳየር አቋቁሞ ነበር። ሁለቱም መድረክ ላይ ወጥተው ተጨብጭቦላቸዋል።

እውነቱን ለመናገር መድረክ ላይ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ኮንሰርት ሲቃረብ ልምምዱ ይጠብቃል፤ “ይቺን ስንኝ እነ እገሌ ብቻ ይዝፈኗት” ይመጣል፤ ያ የስምንት ዓመት ልጅ እንደገና ወደ ኋላ ይላካል። በሌላ በኩል ሰው ዘመዶቹ ፊት ቆሞ ሲጨበጨብለት የሚሰማው ነገር ቀላል አይደለም። መውጣት የፈለገ ይውጣ፤ ያልፈለገ በየሳምንቱ መምጣቱ ብቻ ይበቃዋል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሦስቱን እዚህ አስገብቻለሁ።

አንዲት እናት “እኛ ጋ አንድ ሰውዬ አለ፤ ዜማ ይስታል፤ ደግሞ ይጮኻል። ሌሎቹ አጉረመረሙ። ምን ይደረግ?” አሉ። መጀመሪያ ጆሮው በደንብ መስማቱን አረጋግጡ፤ የሚጮኽ ሰው አንዳንዴ የመስማት ችግር ይኖርበታል፤ ምርመራ ቢያደርግ ሊጠቀም ይችላል። ከዚያ ዜማ አጥብቆ ከሚይዝ ሰው አጠገብ አስቀምጡት፤ ከጎኑ ሆኖ ሲሰማው ይስተካከላል። አንድ ድምፅ ላይ ረግቶ የሚቆይ ክፍል ያለው ዘፈንም ምረጡ፤ ያንን እሱ ይያዝ። ለአጉረምራሚዎቹ የማንን ቡድን እንደተቀላቀሉ በትሕትና አስታውሷቸው።

አንድ ወጣት ሐኪም ዘፈንን “ማዘዝ” ይችል እንደሆነ ጠየቀ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ በየቤተሰብ ሐኪሙ ክሊኒክ የሚመደቡ አገናኝ ሠራተኞች በስፋት ተቀጥረዋል። ብቸኝነት የበረታበትን ታካሚ አነጋግረው ወደ አትክልት ሥራ፣ ወደ እግር ጉዞ ወይም ወደ ዜማ ቡድን ይልኩታል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራም በ2020 ከአንድ የለንደን ሆስፒታል ድርጅት ጋር ሆኖ ከኮሮና በኋላ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ሰዎች በኢንተርኔት የሚሰጥ የስድስት ሳምንት ፕሮግራም ጀመረ። የሚያዜሙት እሹሩሩ ነው። 150 ሰው የተሳተፈበት ጥናት በ2022 እንዳሳየው የአእምሮ ደኅንነታቸው ተሻሽሏል። ሐኪሙ ግን ወደ የት እንደሚልክ ማወቅ አለበት። ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሰበሰብ ቡድን ጋ ጉልበቷ የታመመ ሴት መላክ ትዕዛዝ አይባልም።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ኮሮና ራሱ ነበር፤ “አብሮ መዝፈን አደገኛ አይደለም ወይ?” አዎ፣ ሊሆን ይችላል። መጋቢት 2020 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አንድ ኳየር ሁለት ሰዓት ተኩል ተለማመደ። ከ61ዱ ሰዎች 53ቱ ታመዋል ተብሎ ተመዘገበ፤ ሁለቱ ሞቱ። ስንዘፍን ከወሬ ይልቅ ብዙ ቅንጣት ከአፋችን ይወጣል፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይንሳፈፋል። እኛ ደግሞ “ኑ” ያልናቸው ሳንባቸው የደከመና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጣራው ከፍ ያለ አዳራሽ ፈልጉ። ሲመች ውጭ ዝፈኑ። በየግማሽ ሰዓቱ እረፉና አየሩ ይቀየር። ያሳለው ሰው ዛሬ ቢቀር “ጠፋህ” አትበሉት፤ ደውላችሁ ጠይቁት። ብርድ የሚፈራ ደረብ አድርጎ ይምጣ፤ መስኮቱ እንደሆነ አይዘጋም።